ከአትክልት ተራ እስከ እንጦጦ፤ «ተራመዱ» የሚለው ምክር ግማሽ ነው

ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ ሰማዩ ከጠራ ወዲህ እሑድ ጠዋት ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ጓደኛሞች፣ ቤተሰብ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ተሰባስበው በዛፉ መሐል ሲራመዱ ማየት ደስ ያሰኛል። እኔም የዚህን የእሑድ ጉዞ ውጤት ሰኞ ሰኞ በምሠራበት ክሊኒክ አያለሁ። አብዛኛው መልካም ነው። አንዳንዱ ግን ጉልበቱን ይዞ፣ አንዳንዱ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ አንዳንዱም ከዚህ የባሰ ገጥሞት ይመጣል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ «የባሰ» ስላልኩት ነው፤ በእሱ ውስጥ የእኔም ጥፋት አለበትና።

ሰውየው ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጡ ኖረዋል። የጅምላ ገበያው በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲዛወር እሳቸው አብረው አልሄዱም፤ መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ይዘው ቀሩ። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ካወቁ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ለክትትል ሲመጡ የደማቸው የስኳር መጠን ከፍ ብሎ ስላገኘሁት መድኃኒታቸውን አስተካከልኩና «ጋሼ፣ መራመድ አለብዎት፤ ቁጭ ብሎ መዋሉ ይብቃዎት» አልኳቸው። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ወጡ። ደጅ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ምክሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ቃላቸውን ጠበቁ። በሚቀጥለው እሑድ ልጃቸው የገዛችላቸውን አዲስ ስኒከር ተጫምተው ከሽሮ ሜዳ ተነሥተው እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግራቸው ወጡ፤ በእግራቸውም ወረዱ። ምንም አላመማቸውም። ችግሩም ይኸው ነበር። የስኳር ሕመሙ ለዓመታት የእግራቸውን ነርቭ ስላደነዘዘው፣ ጫማቸው ውስጥ የገባችው የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር አልተሰማቻቸውም። ጠጠሯ ከአውራ ጣታቸው ሥር ሆና ቆዳቸውን ስትልጥ ዋለች። ማታ ልጃቸው ካልሲያቸው ላይ ደም አየች። እሳቸው «ጫማው ልጦኝ ነው» ብለው ቅባት ቀቡበት። እኔ ዘንድ የመጡት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ጣታቸው ጠቁሮ፣ እግራቸው አብጦ፣ ትኩሳት ይዟቸው።

ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። እግራቸው ተረፈ፤ አውራ ጣታቸው ግን ተቆረጠ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመለሱ፣ «ተራመድ አልከኝ፤ ተራመድኩ። ጫማህን አራግፍ ግን አላልከኝም» አሉኝ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ሊቆጡኝ ግን ይገባቸው ነበር። ያን ቀን ካልሲያቸውን አስወልቄ እግራቸውን ባይ፣ ጣቶቻቸውን በጣቴ ነካ ነካ አድርጌ «ይሰማዎታል?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መደንዘዙን አውቀው ነበር። የሚፈጅብኝ አምስት ደቂቃ ነበር።

መድኃኒት ከሆነ መጠን አለው

ለማንም ታካሚ «ክኒን ዋጥ» ብለን አንሰድድም። የትኛውን ክኒን፣ ስንት ሚሊ ግራም፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ምን ሲታይ እንደሚቆም እንነግራለን። የእግር ጉዞንም መድኃኒት ነው እያልን ከመከርን ያው ሕግ ሊሠራበት ይገባል። «ተራመዱ» ብቻ ብሎ ማለፍ ስም ብቻ የተጻፈበት የመድኃኒት ማዘዣ እንደ መስጠት ነው።

መድኃኒትነቱ ላይ ጥርጥር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በድርጅቱ መረጃ መሠረት በ2022 እ.ኤ.አ ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው ይህን ያህል አይንቀሳቀሱም ነበር። ስንራመድ ጡንቻዎቻችን ከደም ውስጥ ስኳር ይስባሉ፤ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ጭምር። ጉዞው ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ቀን ያህል ሰውነታችን ለኢንሱሊን የተሻለ መልስ ይሰጣል። ዘወትር የሚራመድ ሰው የደም ግፊቱ ይቀንሳል፣ እንቅልፉ ይሻሻላል፣ ጭንቀቱም ይቀልለታል። ዳገት ሲሆን ደግሞ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ይበልጥ ስለሚሠራ በአጭር ጊዜ ብዙ ጥቅም ይገኛል።

መርካቶ ውስጥ ይህን ስናገር ሁለት መልስ ይመጣልኛል። አንዱ «እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው» የሚል ነው። መቆም ግን መራመድ አይደለም። አንድ ቦታ ቆሞ መዋል እግርን ያሳብጣል፣ የደም ሥርን ይገትራል እንጂ ልብን አያሠለጥንም። ሌላው «እኛ ስንሸከም ነው የምንውለው፤ ከዚህ በላይ ምን እንቅስቃሴ አለ?» የሚሉት የወዛደሮቹ መልስ ነው። እነሱ ልክ ናቸው። ጆንያ ሲሸከም ለዋለ ሰው እሑድን ማረፍ ከዳገት ይልቅ ይጠቅመዋል። እንጦጦ ራሱ ይህን ያስተምራል። እኛ ለጤና በምንወጣው ዳገት ላይ እናቶች ከ30 ኪሎ በላይ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ኖረዋል። ወገባቸውና ጉልበታቸው የከፈለውን እኛ ሐኪሞች እናውቃለን። ያው ዳገት ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላዋ በሽታ የሚሆነው በመጠኑ ምክንያት ነው።

ጫካው ቅርብ ነው

አዲስ አበባ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ከአትክልት ተራ በፒያሳና በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው የእንጦጦ ግርጌ ላይ ነው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት አፄ ምኒልክ የተቀመጡት እዚያ ነበር። ዛሬ ኮረብታውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በአብዛኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የማገዶና የግንባታ እንጨት ችግርን ለማቃለል የመጣ ዛፍ ነው። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ለእግረኞች የተሠሩ መንገዶች አሉት፤ ለጀማሪ የሚመረጡት እነዚህ ናቸው። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ያለው የጉለሌ የዕጽዋት ማዕከልም ረጋ ብሎ ለሚራመድ ሰው የሚመች ነው።

ራቅ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። የሀገራችን ዛፎች፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወይራው አንድ ላይ የሚታዩበት ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋ ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር መጥቶ እንደተተከለበት ይነገራል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታይበታል። ነገር ግን የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ውጣ ውረዱም ረጅም ነው። ይህ ለጀማሪ የመጀመሪያ እሑድ የሚሆን አይደለም።

ከየት ልጀምር?

ከበርዎ ይጀምሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን በሜዳ ላይ ይራመዱ። ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ታክሲውን ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይበቃል። ከምግብ በኋላ ቢሆን ለስኳር ሕመምተኛ ይበልጥ ይጠቅመዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ወደ 30 ደቂቃ ያሳድጉት፤ መጠነኛ ዳገት ያለበትን መንገድም ይምረጡ። እንጦጦን ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ያስቡት። ያኔም ቢሆን እስከ ግማሽ ወጥቶ መመለስ ነውር የለውም።

ፍጥነትዎን የሚለኩበት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግዎትም። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ መጠኑ ልክ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረዎ ፈጥነዋል፤ ቀስ ይበሉ።

ሁለት እግርዎን እንደ ሁለት ልጅ ይዩ

የስኳር ሕመም ያለባችሁ አንባቢያን ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡልኝ። ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን «እግሬን እይልኝ» በሉት። ካላየላችሁ ራሳችሁ ካልሲያችሁን አውልቁለት፤ ማፈር የሚገባው እሱ ነው። እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ቁስል ካለው ዳገቱ ይቆይ።

ጫማ በምታደርጉበት ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ ገልብጣችሁ አራግፉት፤ ከዚያ እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳስሱ። አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ቀን ወደ ጫካ አይወሰድም። ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት እየተደረገ መለመድ አለበት። ጫማ ግዙ ስትባሉ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ቀን ሲውል ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠብባል። ካልሲው ንጹሕና ደረቅ፣ ከውስጥ የሚቆጠቁጥ ስፌት የሌለው ይሁን። በባዶ እግር መሄድ ቤት ውስጥም ቢሆን ይቅር።

ስትመለሱ እግራችሁን አጥባችሁ፣ በጣቶቻችሁ መካከል ጭምር አድርቃችሁ ተመልከቱ። ጎንበስ ማለት የሚያቅተው ሰው መስታወት መሬት ላይ አስቀምጦ ወይም ቤተሰብ ጠርቶ ያሳይ። ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ አታፍርጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ቁስል ካያችሁ ግን አሥራ ሁለት ቀን አይጠበቅም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ባያማችሁም። ባይሰማችሁ ደግሞ ይበልጥ ፍጠኑ።

ስኳር ሲወርድ

ኢንሱሊን የምትወስዱ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትውጡ ሰዎች በመንገድ ላይ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ወዲያው ቁሙ። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ያህል ስኳር ያለው ለስላሳ ውሰዱ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላችሁ ድገሙት። ሲሻላችሁ ቆሎ ወይም ዳቦ ብሉበት። ስለዚህ ከረሜላ ወይም ስኳር በኪሳችሁ ሳይኖር፣ ሕመማችሁን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ሳይሆን ጫካ አትግቡ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አታድርጉበት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ እርዳታ ጥሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ እንጦጦ ለጸሎትና ለጸበል የሚወጡ፣ በጾም ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ዳገቱን የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። እምነታችሁን አክብሬ የምለምናችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ ነው። በባዶ ሆድ ኢንሱሊን ወግቶ ዳገት መውጣትም አደጋ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊስተካከል ይችላል።

ልብና ደም ግፊት

የደም ግፊታችሁ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ሕክምናው ይቅደም፤ ተራራው የትም አይሄድም። የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ማነስ ያለባት፣ ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳያማክሩ ከፍ ያለ ዳገት አይጀምሩ። በጉዞ ላይ ደረት ላይ ክብደት ወይም መጨምደድ ከተሰማችሁ፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጣችሁ፣ ዓይናችሁ ከጨለመ ቁሙ፤ ተቀመጡ። «ትንሽ ልታገስና ጫፍ ልድረስ» አትበሉ። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907፣ ለአደጋ ጊዜ የእሳትና አደጋ ስጋት ኮሚሽን 939 ስልካችሁ ላይ ይመዝገብ።

ከቆላ ወይም ከውጭ ሀገር ለጥየቃ የመጣ ዘመድ ካላችሁ በደረሰ ማግስት ወደ እንጦጦ አታውጡት። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። እኛ ለምደነዋል፤ እንግዳው ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊገጥመው ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይረፍ።

ቁልቁለቱን አትናቁ

ሰው የሚፈራው አቀበቱን ነው። ጉልበትን የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችንን ስለሚያግድ፣ በማግስቱና በሠልስቱ የሚሰማን ሕመም ከዚያ ይመጣል። በሁለት ሦስት ቀን የሚተው ከሆነ አያሳስብም። ጉልበቱ ካበጠ ወይም ከቆለፈ ግን ይታይ። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ አትሩጡ። የአባቶቻችንን ከዘራ አትናቁ፤ ዱላ ከጉልበት ላይ ጫና ይቀንሳል፣ ሚዛንም ይጠብቃል። ቁርጭምጭሚቱ የተወለመ ሰው አራት እርምጃ መርገጥ ካቃተው ወጌሻ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ራጅ ይነሣ።

ውሃ ያዙ፤ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ለብዙ ሰው ይበቃል። በደጋ ፀሐይ ብርዱ ያታልላል እንጂ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ኮፍያ አድርጉ። ሹራብም ያዙ፤ በላብ የራሰ ሸሚዝ ላይ የእንጦጦ ነፋስ ሲያርፍ ሰውነት በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ማልዳችሁ ጀምሩ፣ ከእኩለ ቀን በፊት ውረዱ። ከመብረቁ ብልጭታ እስከ ነጎድጓዱ ድምፅ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ቅርብ ነውና ከኮረብታው ጫፍና ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ። ሳይነጋ ወይም ብቻችሁን አትውጡ፤ ከተለመደው መንገድም አትውጡ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያኑ ዕለት ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። ትንሽ ነው ተብሎ የሚተው የውሻ ንክሻ የለም።

ለእኛ ለሐኪሞችና ለከተማው

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ከአንባቢ ላይ ብቻ ኃላፊነት መጫን አልፈልግም። ወረፋ እንደሚበዛብን አውቃለሁ። ቢሆንም እኛ ሐኪሞችና ነርሶች «ተራመድ» ከማለታችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ፤ የት ትራመዳለህ? ስንት ደቂቃ? በምን ጫማ? ከማን ጋር? በየጤና ጣቢያው የስኳር ሕመምተኛ ለክትትል በመጣ ቁጥር እግሩ ይታይ። ጥያቄውን ሐኪሙ ባይደርስበት ነርሷ ትጠይቀው፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የሚወጣ ሰው አይኑር።

የከተማው አስተዳደርም ወደ ኮረብታዎቹ የሚያደርሱት የእግር መንገዶች ከፓርኩ በር ውጭም እንዲጠበቁ ቢያደርግ ይጠቅማል። ርቀቱንና የዳገቱን ክብደት የሚያሳይ ምልክት፣ በየተወሰነ ርቀት ማረፊያ መቀመጫ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ የተጻፈበት ሰሌዳ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። አንድ የስኳር ሕመምተኛ «እስከዚህ ብቻ ልውጣ» ብሎ የሚወስነው ርቀቱን ሲያውቅ ነው።

ጋሼ ዛሬ ደህና ናቸው። ጣታቸው ለተቆረጠበት እግር የሚስማማ ሰፊ ጫማ አሠርተዋል። ዳገቱ ቀርቶባቸው ሜዳ ሜዳውን በቀን 25 ደቂቃ ይራመዳሉ፤ ስኳራቸውም ወርዷል። ባለፈው ሲመጡ ሳልጠይቃቸው ካልሲያቸውን አወለቁና እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉልኝ። «ዛሬ ሳታይ አልሄድም» አሉኝ።

እናንተም እንዲሁ በሉን። መልካም ጉዞ፣ መልካም ጤና፤ ቸር እንሰንብት።